18 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ

በታንክስጊቪንግ፣ በአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ ቀትር ላይ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የታክሲዎች መቆያ ውስጥ ተራ ቶሎ አይደርስም። ለበዓሉ የሚጓዘው ሰው ትናንት ማታ ገብቶ አልቋል። ከሾፌሮቹ ብዙዎቹ አበሾች ስለሆኑ ቀኑ የሰንበቴ መልክ አለው፤ ሁለቱ የአንዱን መኪና ኮፈን ጠረጴዛ አድርገው ዳማ ይጫወታሉ፣ ሌላው ከቴርሞስ ሻይ እየቀዳ ስለ አርሰናልና ስለ አገር ቤት ፖለቲካ በአንድ ትንፋሽ ይከራከራል። አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ብቻ መስታወቱን ዘግቶ ከሬዲዮው ጋር ይስቃል። ጓደኞቹ ለምደውታል። «ያ የቆሻሻው ሰውዬ ዛሬም መጣ?» እያሉ መስታወቱን ያንኳኩበታል።

መጥቷል። ብዙ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች በየዓመቱ በዚህ ቀን አንድ ዘፈን ሳይቆርጡ ያሰማሉ፤ የአርሎ ጉትሪን «የአሊስ ሬስቶራንት»። ሸክላው ላይ 18 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ይፈጃል፣ የአልበሙን አንድ ፊት ብቻውን ይዞታል። ዘፈን ይባል እንጂ አብዛኛው ወግ ነው። ጊታሩ ከስር ያንኑ ዜማ እየደጋገመ ይሽከረከራል፣ ሰውዬው ከላይ ያወራል፣ ሲፈልግ ከወሬው ይወጣል፣ ሲፈልግ አድማጩን አብሮ እንዲዘፍን ያዘዋል። አሜሪካኖች ይህን ዓይነቱን አጨዋወት «ቶኪንግ ብሉዝ» ይሉታል፤ የአርሎ አባት ዉዲ ጉትሪ ከጌቶቹ አንዱ ነበር። ክራሩን አስቀምጦ ወግ መጠረቅ የሚወድ፣ ትዝ ሲለው ደግሞ አንስቶ የሚገርፍ አዝማሪ ያየ ሰው አይቸገርበትም።

ሾፌሩ መጀመሪያ ሲሰማው ረጅም ማስታወቂያ መስሎት ነበር። ጊዜው ኅዳር 1990 ዓ.ም. ነው፤ በዲቪ አሜሪካ ከገባ ገና አንድ ዓመት ከምናምን ሆኖታል። እንግሊዝኛው በተማሪ ቤት መጽሐፍ ልክ የተሰፋ ስለነበር ከዘፋኙ ወሬ የሚገባው በየአምስት ቃሉ አንድ ነው፤ ቆሻሻ፣ ፖሊስ፣ ዳኛ፣ ውሻ። ጣቢያ ሊቀይር እጁን ሲዘረጋ ውትድርና የሚል ቃል መጣና እጁ እዚያው ቀረ። ጎረምሳ ሳለ በሰሙት ቁጥር ልብ የሚያቆሙ ሁለት ሦስት ቃላት ነበሩ። ይህኛው በሌላ ቋንቋም ቢመጣ ያው ነው። የገረመው ግን ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሕዝብ ይህንን ቃል ሰምቶ መሳቁ ነው።

የዘፈኑ የመጀመሪያ ግማሽ እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1965 (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው) አርሎ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። አሊስ ብሮክና ባሏ ሬይ አርሎ በተማረበት ትምህርት ቤት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ ግሬት ባሪንግተን በምትባል ከተማ አገልግሎት ያቆመ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ይዘው ይኖሩ ነበር። ለታንክስጊቪንግ ጓደኞቻቸውን ጠሩ። አርሎና አንድ ጓደኛው ውለታ ለመመለስ ብለው ቤት ውስጥ የተጠራቀመውን ቆሻሻ መኪና ላይ ጭነው ወጡ። የከተማው ቆሻሻ መጣያ በበዓሉ ምክንያት ተዘግቷል። ዞረው ዞረው ስቶክብሪጅ አጠገብ ከአንድ ገደል በታች ሌላ ሰው የጣለው ቆሻሻ አዩና የራሳቸውንም እዚያው ገለበጡት።

የስቶክብሪጅ ፖሊስ አዛዥ ዊልያም ኦባንሃይን፣ በዘፈኑ «ኦፊሰር ኦቢ»፣ ቆሻሻውን በርብሮ ከውስጡ ስም ያለበት ወረቀት አገኘ። ልጆቹ ታሰሩ፤ ዋስ ሆና ያስፈታቻቸው አሊስ ናት። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ዳኛው ጄምስ ሃነን ዓይነ ስውር ናቸው፣ መሪ ውሻቸው አጠገባቸው አለ። ኦቢ በዘፈኑ ታሪክ ከየአቅጣጫው የተነሱ፣ ቀስትና ማብራሪያ የተጻፈባቸው ሃያ ሰባት ባለቀለም ፎቶግራፎች ለማስረጃ ይዞ ቀርቧል። ለማን እንደሚያሳያቸው ሲያስብ የፖሊሱ ፊት ምን እንደሚመስል አርሎ ተረጋግቶ፣ ደቂቃ ወስዶ ይተርካል። ቅጣቱ ገንዘብና ቆሻሻውን መልሶ መልቀም ነበር። በዘፈኑ ታሪክ የሚለቅሙት በረዶ ውስጥ ነው።

እስከዚህ ድረስ የገጠር ከተማ ቧልት ነው። ከዚያ አርሎ ይህን ሁሉ ያወራሁት ስለ ሌላ ነገር ልነግራችሁ ፈልጌ ነው ይልና አድማጩን ኒው ዮርክ፣ ዋይትሆል ጎዳና፣ ለውትድርና የሚጠሩ ወጣቶች የሚመረመሩበት ሕንፃ ውስጥ ይከተዋል። ልጆች በውስጥ ሱሪ ተሰልፈዋል፤ ይታያሉ፣ ይለካሉ፣ ይወጋሉ፣ ይመዘናሉ። አርሎ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ ለጦርነት የማይበቃ እብድ መስሎ ለመታየት ብሎ መግደል መግደል እፈልጋለሁ እያለ ይዘላል። ሐኪሙም አብሮት መዝለል ይጀምራል፣ ጎበዝ ልጅ ተብሎም ያልፋል። ምርመራው መጨረሻ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ታስረህ ታውቃለህ? የቆሻሻው ታሪክ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተጠራቀመ ነው። ልጁ ከወንጀለኞች ጋር «የደብልዩ ቡድን» የሚባል አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ይታዘዛል። አባቱን የወጋ፣ እናቱን የደፈረ ሁሉ እዚያ ተቀምጧል፤ ምን አድርገህ መጣህ ሲሉት ቆሻሻ ጥዬ ይላል። ሁሉም ይሸሹታል። ቀጥሎ ፎርሙ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ከዚያ ወንጀል ታርመሃል ወይ የሚል ነው። መንደር ለማቃጠል ለመላክ በቂ ጨዋ መሆንህን አረጋግጥ ማለት ነው። አርሎ እዚህ ላይ ይቆጣል፤ የሚቆጣው ግን ድምፁን ሳይጨምር ነው።

ሾፌሩ ይህንን ሁሉ በደንብ የተረዳው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው። ያን ጊዜ መኪናውን ዳር አቁሞ ሳቀ። የሳቀው ግን በወንበሩ አልነበረም፤ በፎርሙ ነው። ፎርም! ለዘመቻ ሲወስዱህ ፎርም ያስሞሉሃል፣ ልብስህን ያስወልቁሃል፣ ሐኪም ያይሃል፣ ወንጀለኛ ነህ ብለው ይመልሱሃል። እሱ በሚያውቀው ነገር ውስጥ ይህ ሁሉ የለም።

በኢትዮጵያ በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ይመለከት ነበር፤ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት። ወረቀት ላይ ሥርዓት አለው፤ ዙር አለው፣ ምዝገባ አለው። ቀበሌው ኮታውን መሙላት ሲያቅተው ግን ሥርዓቱ ሌላ ስም አወጣ፤ አፈሳ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ የነበረው ጦር ከተመታ፣ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው መፈክር ማስተጋባት ከጀመረ ወዲያ ጎረምሳ የሆነ ሁሉ በአጥር በኩል መውጣት ለመደ። ሾፌሩ ያኔ 18 ዓመቱ ነበር። ሽሮ ሜዳ አክስቱ ቤት፣ ኮርኒስ ውስጥ ይተኛል። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋና በኖራ የተቀባ ስለነበር ሲገላበጥ ነጭ ዱቄት ወደ ምጣዱ ይወርዳል። አክስቱ የአብዮት ጠባቂዎቹን ኮቴ ስትሰማ ቡና መውቀጥ ትጀምራለች። ሙቀጫው ዱም ዱም ሲል እሱ ትንፋሹን ይውጣል። የሰፈሩ ሰው ይህቺ ሴትዮ የምትወቅጠውን ቡና ማን ነው የሚጠጣላት ይል ነበር።

አንድ ቀን ገቡ። ልጁ የት አለ ቢሏት አክስቱ ሙቀጫውን ጥላ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። «እናንተው አይደላችሁ እንዴ ያለፈው ዙር የወሰዳችሁብኝ! ደብዳቤ እንኳ አላመጣችሁልኝም! ሞቶም እንደሆን ንገሩኝ!» እንባዋ እውነተኛ ነበር፤ ከየት እንዳመጣችው ዛሬም አይገባውም። ጠባቂዎቹ አጽናንተዋት ወጡ። አንደኛው በሚቀጥለው ቀን ተመልሶ መጥቶ ስለ ልጅዎ እየጠየቅን ነው፣ አይጨነቁ አላት። እሷም ቡናዋን አፍልታ አጠጣችው። ልጁ ከላይ ሆኖ ሳቁን በጥርሱ ነክሶ፣ አፍንጫው ውስጥ ኖራ ገብቶ ማስነጠሱን ታግሎ አሳለፈ።

የዚያ ዘመን ሽሙጥ ይህ ነበር፤ ካሴት ላይ ያልወጣ። ሬዲዮው ሽለላና ፉከራ ያሰማል፣ የቀበሌ ኪነት ቡድኑ ዘማች ይሸኛል፣ ግጥም ሳንሱር ሳያልፍ አይቀረጽም። ሽሙጡ ግን ከሰው አፍ ወደ ሰው ጆሮ ይሄድ ነበር። ታፈሰ የሚባል ልጅ ያላቸው እናት ልጃቸውን ከደጅ መጥራት ተዉ ይባል ነበር፤ «ታፈሰ! ኧረ ታፈሰ!» ሲሉ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ አጥር እየዘለለ ስለሚበተን። እንዲህ ያለውን ቀልድ የፈጠረውን ሰው ማንም አያውቀውም፤ ባለቤት የሌለው ቀልድ ደግሞ አይታሰርም።

የአርሎ ዘፈን ከገባው በኋላ ነው ሾፌሩ ማደን የጀመረው። ሰዎች ቤታቸውን ሲያጸዱ ግቢያቸው ላይ ዘርግተው በሳንቲም ከሚሸጡት ዕቃ መሀል አሮጌ ሸክላ ይለቅማል። የውትድርና ነገር ያለበትን ሁሉ። ያገኘው ስብስብ ውስጥ ተራ ይዘው የቆሙ ሰዎች አሉ።

የሁሉም ትልቅ ኢርቪንግ በርሊን ነው። በልጅነቱ ከሩሲያ ግዛት የመጣ ስደተኛ፣ በ1918 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ፣ ብዙም ሳይቆይ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጠራ። (በዲቪ የመጣ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አያልፍም፤ ፓስፖርቱ ሳይደርቅ ጥሪው መጣ።) በርሊን ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ አድሮ ቀን የሚተኛ የዜማ ደራሲ ነበር። ሎንግ አይላንድ ላይ ካምፕ አፕተን ሲገባ በንጋት የሚነፋው መለከት ፍዳው ሆነ። ከዚያ ምሬት የወጣው፣ ጠዋት መነሳትን እንዴት እንደሚጠላና መለከት ነፊውን አንድ ቀን እንደሚጨርሰው የሚዝተው ዘፈን ለካምፑ ተብሎ በተዘጋጀው «ዪፕ ዪፕ ያፕሃንክ» በሚባል ትርዒት ላይ ቀረበ፣ ተጫዋቾቹም ምልምል ወታደሮች ነበሩ። ደግ ሽሙጥ ነው። ጦርነቱን አይነካም፤ የሚነካው አልጋውን ነው። አዛዦቹም አጨበጨቡለት።

ሁለተኛው ጉዳይ ኤልቪስ ፕሬስሊ ነው። መጋቢት 1958 ሜምፊስ ላይ ለውትድርና ገባ፤ በማግስቱ አርካንሶ ውስጥ ፎርት ቻፊ ጸጉሩ ሲላጭ ካሜራው ከምልምሎቹ ይልቅ ብዙ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ የቧልት ዘፈን ወጣ፤ ጊታር ገዝቶ ሀብታም የሆነ ወጣት መጨረሻው ላይ አጎት ሳም፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት፣ መጥቶ ጸጉሩን ቆርጦ ሲወስደው የሚተርክ። «ዘ ኦል አሜሪካን ቦይ» ይባላል። በ1959 መጀመሪያ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ሸክላው ላይ የተጻፈው ስም ቢል ፓርሰንስ ነው። የዘፈነው ግን ቦቢ ቤር ነበር፤ ኩባንያው በስህተት የጓደኛውን ስም አትሞበታል። ስህተቱን ተከራክሮ ማስተካከልም አልቻለም፤ እሱ ራሱ ለውትድርና ተጠርቶ ካምፕ ገብቷል። ስለ ተመለመለ ዘፋኝ የሚያላግጥ ዘፈን ዘፍኖ፣ ዘፈኑ አገር ሲያናጋ ዘፋኙ ጸጉሩን ተላጭቶ ጫማ ይወለውላል። ከዚህ የበለጠ ምፀት ፈልጎ የሚያገኝ ደራሲ የለም። ሾፌሩ ይህን ሸክላ ሦስት ቦታ አግኝቶ ሦስቱንም ገዝቷል።

ነገሩ በቬትናም ጊዜ መልኩን ለወጠ። ከነሐሴ 1964 እስከ 1973 መጀመሪያ ድረስ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ወጣት ተመልምሏል። ምልመላው የፊደልና የቁጥር መደብ ነበረው፤ «1-ኤ» ብቁ ነው፣ ይሄዳል የተባለ ነው፤ «4-ኤፍ» አካሉ አልበቃም የተባለ፤ «2-ኤስ» ደግሞ ኮሌጅ ስለሚማር የተዘለለ። የመጨረሻዋ ነበረች ዋናዋ። ኮሌጅ የሚያስገባ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጁን በዚህች አንዲት ፊደል ያስቀራል፤ ገንዘብ የሌለው ጥቁርና ነጭ ደሃ ይሄዳል። ልጆች መደባቸውን እንደ ደም ዓይነት በቃላቸው ይዘውት ይዞሩ ነበር።

ፊል ኦክስ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ የተወለደ፣ በጎረምሳነቱ ቨርጂኒያ ውስጥ የወታደር አካዳሚ የተማረ፣ ኋላ ጋዜጠኝነት ያጠና ልጅ። በ1965 በወጣው አልበሙ ላይ «ድራፍት ዶጀር ራግ» የሚል ዘፈን አለ፤ አንድ የ18 ዓመት ወጣት መልማዩ ሃምሳ አለቃ ፊት ቆሞ የማይዘምትበትን ምክንያት ይዘረዝራል። ዓይኑ፣ እግሩ፣ አስሙ፣ የታመመች አክስቱ፣ ትምህርቱ፣ ሁሉም እንደ ገበያ ሸቀጥ ይደረደራሉ። ዜማው የሚያስጨፍር ራግታይም ነው። ይህን ዘፈን ብዙ ሰው ለሚያመልጠው ልጅ የተገጠመ ውዳሴ አድርጎ ይሰማዋል። አይደለም። ልጁ በጦርነቱ ያምናል፤ ኮሚኒስቶች መመታት አለባቸው ባይ ነው፤ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው ይሂድ ነው የሚለው። ኦክስ የሚወጋው ያንን ነው። ሰዎቹ ሲስቁ በራሳቸው ጎረቤት እየሳቁ ነበር፣ አንዳንዱም በራሱ።

ሾፌሩ ይህን ዘፈን ሲሰማ የሚያስታውሰው አንድ የሰፈሩን ካድሬ ነው። በስብሰባ ላይ ከማንም በላይ የሚፎክር፣ በየዙሩ ዘማች የሚሸኝ፣ የራሱ ልጅ ግን ዙር በመጣ ቁጥር የሳንባ ሕመም የሚነሳበት። ሕመሙ ዙሩ ሲያልፍ ይድናል። ሰፈሩ ይህን ሕመም ስም አውጥቶለት ነበር፤ «የዙር ሳል»።

ኦክስ እንደ አርሎ ዕድለኛ አልሆነም። ኤፍቢአይ ከ400 ገጽ በላይ መዝገብ ከፈተበት፣ ጦርነቱ እየረዘመ ሲሄድ ልቡ እየተሰበረ ሄደ፣ በ1973 አፍሪካ ሲጓዝ ዳሬሰላም ላይ ዘራፊዎች ጉሮሮውን አንቀውት የድምፁ ከፍታ ተጎዳ። በ1976 በ35 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። እሱ የዘረዘራቸውን ሰበቦች በእውን የተጠቀሙ ልጆች በዚያን ጊዜ ጠበቃና ባንክ ሠራተኛ ሆነው ነበር።

አራተኛው ጆ ማክዶናልድ ነው፤ «ካንትሪ ጆ»። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወዶ ባሕር ኃይል ገብቶ ያገለገለ ሰው በመሆኑ የሚናገረውን ያውቃል። የእሱ የቬትናም ራግ እንደ ገበያ ቀራቢ ይጮኻል፤ ወላጆችን ፈጥናችሁ ልጃችሁን ላኩ፣ አስከሬኑ በሳጥን ሲመለስ ከመንደሩ ቀዳሚዎቹ እናንተ ትሆናላችሁ ይላል። ሲሰሙት ያሳፍራል፤ ያሳፈረው ለዚያ ተብሎ ነው። ነሐሴ 1969 ውድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ብቻውን ጊታሩን በገመድ አንጠልጥሎ ወጣ፤ ቀጥሎ የሚወጡት ሳይደርሱ መድረኩ ባዶ እንዳይሆን ነበር የወጣው። በ1970 በወጣው የፌስቲቫሉ ፊልም ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲዘፍን ግጥሙ ከስክሪኑ ስር ይታያል፣ ኳስ ከቃል ቃል እየዘለለች። የልጆች ፊልም ይመስላል።

የምልመላው ዕጣ የመጣው ውድስቶክ በሆነበት ዓመት መጨረሻ ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ዋሽንግተን ውስጥ 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ ቀፎዎች፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ የልደት ቀን፣ አንድ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ተጨምረው በቴሌቪዥን ፊት ወጡ። ከ1944 እስከ 1950 የተወለደ ሁሉ ቀኑ ስንተኛ እንደሚወጣ ይጠብቃል። መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ነበር። በእኛ መስከረም 4፤ ከእንቁጣጣሽ ሦስት ቀን በኋላ። ቀፎዎቹ በየወሩ እየተጨመሩ በደንብ ስላልተቀላቀሉ በዲሴምበር የተወለዱት ቀድመው የመውጣት ዕድላቸው የሚታይ ያህል ከፍ ብሎ ነበር፤ የስታቲስቲክስ መምህራን ዛሬም ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩበታል። በዚያ ዕጣ እስከ 195ኛ ቁጥር የደረሰው ተጠራ። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ራሱን እየነቀነቀ «ሎተሪ ደረሰህ ማለት እዚህ አገር ሁለት ትርጉም አለው» ይላል። የእሱ ሎተሪ በዓይነት ሌላ ነበር፤ አዲስ አበባ ፖስታ ቤት በር ላይ ተሰልፎ ፎርም የሞላበት። አሜሪካ ሲገባ 26 ዓመት አልፎት ስለነበር የውትድርና መዝገቡ አልተመለከተውም። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ቢመጣ ይመዘገብ ነበር።

ምልመላው በ1973 ቆሟል፤ ምዝገባው ግን በ1980 ተመልሶ መጥቷል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ ሁሉ፣ ዜጋም ይሁን ግሪን ካርድ የያዘ፣ ወረቀት የሌለውም ቢሆን፣ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ መመዝገብ አለበት። ያልተመዘገበ መጤ ዜግነት ሲጠይቅ ጣጣ ይገጥመዋል። ስለዚህ በየሐበሻው ቤት ልጁ 18 ሲሞላ እናት በደንብ ያልተረዳችው ፖስታ ይመጣል። «ምንድን ነው ይሄ? ጦር ነው?» ብላ አባትን ትጠራለች። አባት መነጽሩን አድርጎ ያነባል፣ «አይ፣ ስም ብቻ ነው» ይላል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ መልሶ አድርጎ እንደገና ያነባል።

የቆሻሻው ታሪክ ሰዎች ኋላ የት ደረሱ? አርተር ፔን በ1969 ፊልም ሲሠራበት ኦባንሃይን ራሱን ሆኖ ተጫወተ፤ ዓይነ ስውሩ ዳኛ ሃነንም እንደዚሁ። ፖሊሱ ቀድሞም ካሜራና ብሩሽ ለምዶ ነበር፤ ስቶክብሪጅ ይኖር የነበረው ሠዓሊ ኖርማን ሮክዌል ሞዴል አድርጎት ያውቃል። ያንን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አርሎ በ1991 ገዝቶ የማኅበረሰብ ማዕከል አደረገው። አሊስ ብሮክ በ83 ዓመቷ ኅዳር 2024 አረፈች፤ ታንክስጊቪንግ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው። በዘፈኑ ርዕስ ውስጥ ያለው ምግብ ቤት ዕድሜው አጭር ነበር፤ እሷ ግን ዕድሜ ልኳን ስለ እሱ ስትጠየቅ ኖራለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ታንክስጊቪንግ የሾፌሩ ልጅ ምሳ ይዞለት ደለስ መጣ። ከላይ ቱርክ፣ ከስር ዶሮ ወጥ፣ እናቱ በአንድ ሳህን አድርጋ በፎይል ጠቅልላዋለች። ልጁ 18 ሞልቶታል። ከጎን ወንበር ገብቶ ተቀመጠ፤ ዘፈኑ ዳኛውና ውሻው ጋ ደርሷል።

«አባዬ፣ ምኑ ነው የሚያስቅህ?»

አባት ሊያስረዳ ጀመረ። ዋይትሆልን ለማስረዳት ኮርኒሱን ማስረዳት ነበረበት፤ ኮርኒሱን ለማስረዳት የማዳበሪያ ጆንያ ምን እንደሆነ፤ ጆንያውን ሲያስረዳ ቀበሌ መጣ። ልጁ በእንግሊዝኛ ጠየቀ፣ እሱ በአማርኛ መለሰ። አክስቱ ሙቀጫውን ጥላ ጠባቂው ጉልበት ላይ የወደቀችበት ቦታ ሲደርስ ሁለቱም ሳቁ፤ ሬዲዮውም በራሱ ምክንያት በዚያች ቅጽበት ሳቀ።

«አንተም እኮ ተመዝግበሃል» አለው አባት።

«ለምን?»

«ለውትድርና። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ።»

ልጁ አላስታወሰም። ብዙ ግዛቶች ፎርሙ ላይ አንዲት ሣጥን አስገብተው ወደ መዝገቡ ያስተላልፋሉ፤ ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ ነክቶ አልፎታል። «ኦ» አለና የዶሮውን እግር አነሳ።

ከፊት ያሉት መኪኖች መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር፤ ከአውሮፓ የመጣ አውሮፕላን አርፏል። ከኋላ ያለው ሾፌር ጥሩንባ ነፋ። አርሎ የደብልዩ ቡድን ወንበር ላይ ገና መቀመጡ ነው፤ ገና ደቂቃዎች ይቀራሉ። አባት መስታወቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አወጣና፣ ወንድሜ አንተ እለፍ፣ እኔ ተራዬን ሰጥቼሃለሁ አለው።